በከፍታ ላይ ካርቡሬተር ማስተካከል፦ ጉልበቱ የተጨመረ ሞተር ከደባርቅ እስከ ተከዜ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሳችን ካርቡሬተር ነው። ከመካከላችሁ፣ በተለይም ከተማሪዎቹ ወገን፣ «ካርቡሬተር ከመማሪያ መጻሕፍት እየወጣ ባለበት ጊዜ ስለ እርሱ መነጋገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓለም ላይ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ካርቡሬተርን ከተዉ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወደ ደባርቅና ዳባት መንገዶች ወጥተን ብንመለከት ግን ሌላ እውነት እናያለን። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለ፤ ላዳ አለ፤ አልፎ አልፎም ቮልስዋገን ይታያል፤ ባጃጁማ ከቁጥር በላይ ነው። ከእነዚህ የሚበዙት ቤንዚናቸውን ከአየር ጋር የሚያዋሕዱት በካርቡሬተር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። መኪና መለወጥ ያልቻለ ሰው ያለውን ያድሳል፤ ወጣት ከሆነ ደግሞ ያለውን ያፈጥናል።

ወጣቶቻችን ዲኤክስ ገዝተው ቴስታታውን ያስላጫሉ፤ የጭስ ማውጫውን ያሰፋሉ፤ ሰፋ ያለ ካርቡሬተር ይገጥማሉ። ይህን በንቀት የምመለከት ሰው አይደለሁም። ሞተርን ፈትቶ ለማሻሻል መነሣት የምሕንድስና ፍላጎት መጀመሪያ ነው። ሆኖም ይህ ሥራ የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ በሆነችው በደባርቅ ነው። ከዚህ ከተማ የሚነሣ መኪና በአንድ ወገን ወደ ስሜን ተራሮች 4000 ሜትር አልፎ ይወጣል፤ በሌላ ወገን በሊማሊሞ ወርዶ፣ ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይገባል። በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን የሚያቋርጥ ሞተር በዓለም ላይ ብዙ የለም። የንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ በደጋ ላይ ያማረ የመሰለ ማስተካከያ በቆላ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ለማሳየት እሞክራለሁ።

አየር በመጠን፣ አየር በክብደት

የካርቡሬተር መሠረተ ሐሳብ አሮጌ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው የሚፈስስ ነገር ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ አስረዳ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በመካከሉ የጠበበ ቱቦን አጠና፤ ዛሬም ያ ጠባብ አንገት በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1893 ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ በጀርመንም ቪልሄልም ማይባኽ፣ ይህን እውቀት ቤንዚንን ረጭቶ ከአየር ጋር ለማዋሐድ ተጠቀሙበት። ፒስተኑ አየር ሲስብ አየሩ በጠባቡ አንገት ያልፋል፤ እዚያ ላይ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይወርዳል። በአጠገቡ ባለው ትንሽ ጋን ውስጥ የተቀመጠው ቤንዚን ከላይ ሙሉ የከባቢ አየር ግፊት ስለሚጫነው፣ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት አንገት ተገፍቶ ይወጣል። የሚወጣውን መጠን የሚወስነው ቀዳዳዋ በልክ የተበጀ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ጄት እንላታለን።

እዚህ ላይ የምለየውን ልዩነት እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሞተር አየርን የሚስበው በመጠን ነው፤ የሚያቃጥለው ግን በክብደት ነው። የዲኤክሱ ባለ 1290 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር በምፅዋም ሆነ በደባርቅ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር መጠን አንድ ነው። ክብደቱ ግን አንድ አይደለም። በመደበኛው የከባቢ አየር ሰንጠረዥ መሠረት በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በ2850 ሜትር 0.923 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ማለትም 75 በመቶ ያህል። ስለዚህ በባሕር ጠለል 80 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ከ60 ብዙ አይበልጥም። ይህ የመካኒክ ስንፍና ያመጣው ጉድለት አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ቤንዚኑስ? በጄቷ የሚያልፈው ቤንዚን ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ከእፍጋቱ ካሬ ሥር ጋር ነው። አየሩ ወደ 75 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚወርደው ወደ 87 በመቶ ብቻ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ በባሕር ጠለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው በላይ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። ለከፍተኛ ጉልበት የሚመረጠው ከ12.5 እስከ 13 ያለው ነው። በባሕር ጠለል 12.8 የነበረው ድብልቅ እዚህ ወደ 11.1 ይወርዳል። ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል፤ የባለቤቱ ኪስም ይሳሳል።

መፍትሔው በስሌት ይገኛል። የጄቷ ቀዳዳ ስፋት በእፍጋቱ ካሬ ሥር ልክ ሊጠብብ ይገባዋል፤ ስፋት ደግሞ ከዲያሜትር ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ዲያሜትሩ የሚቀንሰው በእፍጋቱ አራተኛ ሥር ነው። 0.754ን ወደ አራተኛ ሥር ብንወስደው 0.932 እናገኛለን። ስለዚህ በባሕር ጠለል 130፣ ማለትም 1.30 ሚሊ ሜትር የነበረች ጄት፣ እዚህ 121 ያህል መሆን አለባት። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2355 ሜትር፣ ተመሳሳዩ ስሌት ወደ 123 ያደርሰናል። በአዲስ አበባ በሚገባ የተስተካከለ መኪና ደባርቅ ሲደርስ ብዙ የማይቸገረው ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ ከ3 በመቶ በታች ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበት ሌላ ነጥብ አለ። «አየሩ ስለሳሳ አንገቱ የሰፋ ካርቡሬተር ያስፈልጋል» ይባላል። አያስፈልግም። በአንገቱ የሚያልፈው የአየር መጠን በከፍታ ምክንያት አልተለወጠምና የአንገቱ ስፋት የሚወሰነው በሞተሩ መጠንና በሚፈለገው የዙር ፍጥነት እንጂ በከፍታ አይደለም። አንገቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፤ የግፊቱ ልዩነት ይደክማል፤ ቤንዚኑም በደቃቁ አይበተንም። እንዲህ ያለ መኪና በ5000 ዙር ያገሣል፤ ከዳባት ገበያ መውጫ ላይ ግን ሲነሣ ይንተባተባል። ጣሊያናዊው ኤዶዋርዶ ዌበር በቦሎኛ ያቋቋመው ፋብሪካ ካርቡሬተሮች በዓለም ዙሪያ የተወደዱበት አንዱ ምክንያት አንገቱና ጄቱ ተነቅለው በልክ የሚለወጡ መሆናቸው ነው። የዌበር ባለቤት የሆነ ሰው ያገኘው ትልቁ ሀብት ስፋት አይደለም፤ የመለወጥ ነጻነት ነው።

ከካርቡሬተሩ በፊት

ካርቡሬተር ብዙ ጊዜ በሌሎች ጥፋት ይወቀሳል። ስለዚህ ጠመዝማዥ ወደ እርሱ ከማቅረባችን በፊት ሌላውን ማጣራት ያስፈልጋል፦ የቫልቭ ክፍተት፣ የፑንቲና ክፍተት፣ የካንዴላ እሳት፣ የአየር ማጣሪያ ንጽሕና፣ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያሾልክ የተበላ ጋርኒሲዮን፣ የቤንዚን ፓምፕ ግፊት። እነዚህ ሳይረጋገጡ የተደረገ ማስተካከያ በሽታን በሌላ በሽታ መሸፈን ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእጃችን ያሉት መመሪያ መጻሕፍት የተጻፉት በባሕር ጠለል አጠገብ ላሉ ከተሞች ነው። መጽሐፉ «ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች የሜርኩሪ ስበት ያሳያል» ይላል። ደባርቅ ላይ ግን ጤነኛው ሞተር ከዚያ 9 ኢንች ያህል ዝቅ ያለ ያሳያል፤ ምክንያቱም የከባቢው ግፊት ራሱ በዚያ ልክ ዝቅ ብሏል። መጽሐፉ «የሲሊንደር ግፊት 12 ባር መሆን አለበት» ሲል፣ እዚህ 8.5 ገደማ ብናገኝ ሞተሩ አልደከመም። ይህን ያላወቀ ተማሪ ጤነኛ ሞተር ያስፈታል፤ ደንበኛውን የማያስፈልግ ቀለበት ያስገዛል። መለኪያ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ መለኪያው የት ቆሞ እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በጋኑ ውስጥ የቤንዚኑ ከፍታ ይስተካከላል፤ ተንሳፋፊው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ይዛባል። ቀጥሎ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ሚኒሞው ይስተካከላል፤ የድብልቁ ብሎን በቀስታ እየተዞረ ስበቱ ከፍተኛ የሚሆንበት ቦታ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ ከሚኒሞ ወደ ዋናው ጄት የሚሸጋገርበት የነዳጅ መርገጫ መጀመሪያ ይፈተሻል፤ በከተማ ውስጥ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚህ ክልል ስለሆነ መናቅ የለበትም። አራተኛ፣ ዋናው ጄት በሙሉ ጭነት፣ በዳገት ላይ ይፈተናል። በመጨረሻም መርገጫው በድንገት ሲረገጥ ቤንዚን የሚረጨው ትንሽ ፓምፕ ይስተካከላል። ይህን ቅደም ተከተል አዛብቶ ከፓምፑ የሚጀምር ሰው በዋናው ጄት ላይ ያለውን ጉድለት በፓምፕ ለመሸፈን ይሞክራል፤ አይሳካለትም።

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተለወጠውንም መጻፍ ግዴታ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። ካንዴላን አውጥቶ ቀለሙን ማየት ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ አመድ ማነሱን፣ የቡና ቀለም ደግሞ ልከኛነቱን ያመለክታል። የዛሬው ቤንዚን ግን እንደ ቀድሞው በቀለም አይናገርም፤ በጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ማስገባት ከዐይን የበለጠ ይታመናል። የነዳጁ ዓይነትም ራሱ ይለዋወጣል። በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ፋብሪካ ውጤት የሆነው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ፣ ቆይቶም በ10 በመቶ ሲደባለቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኢታኖል ለመቃጠል የሚፈልገው አየር 9 እጥፍ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 10 በመቶ የገባበት ቤንዚን በዚያው ጄት ሲያልፍ ድብልቁን 4 በመቶ ያህል ያቀጥነዋል። በልክ ጠርዝ ላይ ለተስተካከለ ሞተር ይህ ቀላል አይደለም።

የደጋው ምሕረት፣ የቆላው ፍርድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጉልበት የሚጨምር ሰው በደባርቅ ሦስት ነገሮችን ያደርጋል። አንደኛ፣ ጄቱን ያጠብባል፤ ልክ ነው፤ ቀደም ሲል በስሌት አይተነዋል። ሁለተኛ፣ እሳቱን ቀደም ያደርጋል፤ ይህም ልክ ነው፤ በሳሳ አየር የተሞላ ሲሊንደር ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ካንዴላው ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ቢለኮስ ይጠቀማል። ሦስተኛ፣ ቴስታታውን አስልጦ እመቃውን ይጨምራል፤ ሲሊንደሩ በሙሉ ስለማይሞላ ሞተሩ ያለማንኳኳት ይሸከመዋል። ሦስቱም ለየብቻቸው፣ በዚህ ከፍታ ላይ፣ ትክክል ናቸው። ሞተሩ ይነቃቃል፤ ወጣቱም ይደሰታል።

ይኸው መኪና አንድ ቀን በሊማሊሞ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የተሠራው ያ መንገድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ አውጥቶ ቆላ ያደርሰዋል። በማለዳ 10 ዲግሪ በሆነባት ደባርቅ የአየሩ ክብደት በሜትር ኩብ 0.88 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሰንጠረዡ ለዚህ ከፍታ የሚገምተው ከዜሮ በታች 3.5 ዲግሪ ስለሆነ የእኛ አየር ከሰንጠረዡም የሳሳ ነው። በ1000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰበት ቆላ ደግሞ 1.02 ገደማ ይሆናል። አየሩ 15 በመቶ ከበደ፤ ቤንዚኑ ግን የጨመረው 7.5 በመቶ ብቻ ነው። ደባርቅ ላይ 13 የነበረው ድብልቅ እዚያ 14 ይሆናል። «ቤንዚን ይቆጥባል» ተብሎ ደባርቅ ላይ 14 የተደረገው ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ምንም አይሰማም፤ መርገጫው አልተረገጠምና። ችግሩ የሚመጣው ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ወደ ማዶው ዳገት ሲነሣ ነው። ድብልቁ ቀጥኗል፤ እሳቱ ቀድሟል፤ እመቃው በዝቷል፤ የሚገባው አየርም ሞቃት ነው። አራቱ በአንድነት ሲገናኙ ድብልቁ የእሳቱን ወላፈን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። አሽከርካሪው ከሞተሩ ጠጠር የሚያንቀጫቅጭ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮ ከፍቶ ከሆነ ደግሞ አይሰማም። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፦ የፒስተን ራስ ይበሳል ወይም ቫልቭ ይቃጠላል፤ ቴስታታ ይጣመማል። ደጋው የሸፈነውን ስሕተት ቆላው ይገልጠዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ምክሮች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ መኪናው የሚስተካከለው ለሚቆምበት ቦታ ሳይሆን ለሚሄድበት ዝቅተኛ ቦታ እንዲሆን ነው። ቆላ የሚወርድ መኪና ደባርቅ ላይ ትንሽ ወፍራም ድብልቅ ይዞ ቢኖር የሚያጣው ጥቂት ቤንዚንና ጥቂት ጉልበት ነው፤ ቀጭን ሆኖ ቢወርድ የሚያጣው ሞተሩን ነው። ሁለቱ ኪሳራዎች እኩል አይደሉም። ሁለተኛው፣ ቴስታታ ከመላጨት በፊት ደግመን እናስብ። ጄት በሃያ ደቂቃ ይለወጣል፤ እሳት በአንድ መፍቻ ይመለሳል፤ የተላጨ ብረት ግን አይመለስም። ሦስተኛው፣ ዘወትር የሚወጣና የሚወርድ አሽከርካሪ ሁለት ጄቶችን በትንሽ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ምልክት አድርጎ ይያዝ።

ወደ ላይ የሚሄደውም የራሱ ፈተና አለው። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ የቧሂትን ማለፊያ የሚወጣ መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ አየሩ የባሕር ጠለሉ 67 በመቶ ብቻ ነው፤ ደባርቅ ላይ ልክ የነበረው ድብልቅ 6 በመቶ ይወፍራል። ይህ ሞተር አያቃጥልም፤ ያደክማል እንጂ። በዓለም የታወቀ አንድ ንጽጽር ልጥቀስ። በአሜሪካ ኮሎራዶ የፓይክስ ፒክ የዳገት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ይካሄዳል። የመነሻው መስመር 2862 ሜትር፣ የመጨረሻው 4302 ሜትር ላይ ነው። ይህም ማለት ያ ዝነኛ ውድድር የሚጀምረው በደባርቅ ከፍታ ነው ማለት ነው። የዚያ ውድድር መካኒኮች ለብዙ አሥርት ዓመታት የታገሉት እኛ በየዕለቱ ከምንታገለው ጥያቄ ጋር ነበር፦ ለታችኛው እናስተካክል ወይስ ለላይኛው? እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ8 ደቂቃ በታች የጨረሰው መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቮልስዋገን ነበር። ምሥጢሩ ለእናንተ አሁን ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታም ጉልበቱን አይቀማውም።

ጉልበት፣ ቅዝቃዜና ጭስ

ስለ ደኅንነት ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በክረምት ጉም ደባርቅን ሲሸፍን፣ ሙቀቱ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ባለበት እርጥብ አየር፣ የሚተነው ቤንዚን የካርቡሬተሩን አንገት ክፉኛ ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበትም እዚያው ወደ በረዶነት ይለወጣል። መኪናው ይንገራገጭና ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ቆሞ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ሲያቀልጠው ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ብዙ ጊዜ «ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው» ይባላል። ጉልበት ለመጨመር ሲባል ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሙቅ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ነቅሎ የጣለ ሰው ይህን ችግር በገዛ እጁ ጠርቶታል።

በዚያው በብርድ ወራት የጋራዥ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት የተለመደ ነው። ወፍራም ድብልቅ የሚያወጣው ጭስ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። በዚህ ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ አስቀድሞ የሳሳ ስለሆነ አደጋው ይበረታል። ራስ ምታት የያዘው መካኒክ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ በሩም ይከፈት።

ጉልበት የተጨመረለት መኪና ፍሬኑ እንደ ቀድሞው ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው መኪና የሚያዘው በማርሽ እንደሆነ ያውቃል፤ ፍሬን ብቻ ከታመነ ይግላል፤ ከጋለም አይዝም። ስለዚህ ከተማሪዎቼ መካከል ለሞተር ገንዘብ ያጠራቀመ ቢኖር የመጀመሪያውን ብር ለፍሬን፣ ሁለተኛውን ለጎማ፣ ሦስተኛውን ለካርቡሬተር እንዲያወጣ እመክራለሁ።

ከመማሪያ ክፍል እስከ ጋራዥ

በዚህ አካባቢ ስለ ብረትና ስለ እሳት ስንነጋገር ታሪክን መዘንጋት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ከዚህ ብዙ በማይርቀው በደረስጌ ማርያም ነው። እኒያ ንጉሥ ኋላ በጋፋት ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖልንም መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ አስጉዘዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። መድፉ ብቻውን አልበቃም፤ መንገዱም መሠራት ነበረበት። መሣሪያ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ካልተስማማ የእኛ አይሆንም። ከውጭ የመጣ ካርቡሬተርም እንዲሁ ነው፤ የሚሆነን በዚህ አየር፣ በዚህ ዳገት ተለክቶ ሲስተካከል ብቻ ነው።

ይህን ልክ ከማንም በላይ የሚያውቁት በዚህ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት መካኒኮቻችን ናቸው። ወደ ሽሬ የሚሄደውን መኪና ከጎንደር ከሚመላለሰው ለይተው የሚያስተካክሉ፣ በጆሮ ብቻ የቀጠነ ድብልቅን የሚለዩ ሰዎች አሉ። እውቀታቸው ግን አልተጻፈም። ባለሙያው ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል። በአንጻሩ ዩኒቨርሲቲው ቀመር አለው፤ መለኪያ አለው፤ ጆሮ ግን የለውም። ካሬ ሥሩን የሚያውቅ ተማሪ ጄት ነቅሎ አያውቅም፤ ጄት የሚነቅለው መካኒክ ቁጥሩ ለምን 121 እንደሆነ የሚነግረው አላገኘም። ሁለቱ ካልተገናኙ ተማሪው ጤነኛ ሞተር ያስፈታል፤ መካኒኩም ለደጋ ያሳመረውን መኪና ወደ ቆላ ይልካል።

ስለዚህ ለክፍላችን ተማሪዎች አንድ ቀላል ሥራ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችሁ አንድ ጋራዥ ምረጡ፤ ባለሙያውን አስፈቅዱ፤ አንድ ደብተር ያዙ። የመኪናውን ዓይነት፣ የሞተሩን መጠን፣ የጄቱን ቁጥር፣ የካንዴላውን ቀለም፣ የቦታውን ከፍታና የዕለቱን ሙቀት ጻፉ። መኪናው ዘወትር የሚሄድበትንም ጠይቁ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአዲ አርቃይና ከጎንደር የተሰበሰቡ ደብተሮች አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ለዚህ አካባቢ አየር የተሠራ የመጀመሪያው የማስተካከያ ሰንጠረዥ ይኖረናል። ሰንጠረዡም በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስማቸው እንዲጠቀስ የፈቀዱ ባለሙያዎችም በአዘጋጅነት ይጻፉበታል።

የካርቡሬተር ዘመን እንደሚያበቃ አልጠራጠርም። የኤሌክትሪኩ መኪና ሲበዛ ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ አዲስ ጥያቄ ያመጣል፦ ብርዱ ባትሪውን ምን ያህል ያደክመዋል? ሊማሊሞን ሲወርድ ስንት ኃይል መልሶ ይሰበስባል? መልሱን የሚያገኘው ዛሬ ጄት እየለወጠ፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ፣ የቀየረውንም እየጻፈ መለካትን የተማረ ሰው ነው።